ምዕራፍ አምስት፦ ከገዳም የሒሳብ መዝገብ እስከ ሂትለር

በዩኒቨርሲቲ ያደጉ የታሪክ ምሁራን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊን በጎሪጥ የማየት ልማድ አላቸው። ያለ ምክንያትም አይደለም። የአንድን ሰው ኑሮ ከልደት እስከ ሞት ተከትሎ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ዓለሙን ሁሉ በዚያ ሰው ዙሪያ ያዞረዋል። ረሃቡ፣ ጦርነቱ፣ የገበያው መውደቅ፣ የሚሊዮኖች ፍርሃትና ተስፋ ከባለታሪኩ ኋላ ተሰልፈው አጃቢ ይሆናሉ። ጸሐፊው ሰውየውን ከወደደው መጽሐፉ ገድል ይሆናል፤ ከጠላው ደግሞ የክስ ቻርጅ። በዚህ ምዕራፍ የማነሣው ምሁር ይህን ሥጋት ለዓመታት ሲጋራ የኖረ ነው። ሆኖም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ከተጻፈባቸው ሰዎች አንዱ የሆነውን የአዶልፍ ሂትለርን የሕይወት ታሪክ በሁለት ወፋፍራም ጥራዞች ጻፈ። ስሙ ኢያን ከርሾ ይባላል። እንደ እኔ እምነት ሥራው የሠመረለት ጥርጣሬውን ከነሙሉ ክብደቱ ይዞት ስለገባ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከርሾ በ1943 ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ኦልድሃም በተባለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ለዶክትሬቱ ኦክስፎርድ ገባ። የመረጠው ርዕስ ከሂትለር ጋር ቀርቶ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ጋር እንኳ ዝምድና የለውም፤ በዮርክሸር የሚገኘው የቦልተን ገዳም ኢኮኖሚ ነበር። የገዳሙ ሰዎች ከ1286 እስከ 1325 ያለውን ገቢና ወጪ በላቲን መዝግበው አስቀርተዋል። ስንት እህል እንደገባ፣ የበግ ፀጉር በስንት እንደተሸጠ፣ ዕዳው የማን እንደሆነ፣ ስኮትላንዳውያን ወርረው ምን እንዳወደሙ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ወጣቱ ተመራማሪ ከዚህ መዝገብ አንድ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው በ1973 ከ1315 እስከ 1322 እንግሊዝን ስለመታው ታላቅ ረሃብ ያሳተመው ጥናትም ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። ዝናቡ አላቋርጥ ሲል እህሉ እንዴት በማሳው እንደበሰበሰ፣ ቀጥሎ በጎቹ፣ ከዚያም የቀንድ ከብቱ እንዴት እንዳለቁ በሒሳብ ተከታትሎ አሳየ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ዓመታት የቆየ ሰው የሚቀስመው ጠባይ አለ። መዝገቡ ውስጥ ማንም አይናገርም፤ የገዳሙ አለቃ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ደግ ይሁን ጨካኝ፣ አይታወቅም። የሚታየው የውሳኔው ውጤትና ውሳኔውን ያጠበበው ችግር ነው። ሰዎች በመረጡት መንገድ ሄዱ ከማለት በፊት የነበረው መንገድ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሆናል። ከርሾ ይህን ልማድ ወደ ሂትለር ይዞት መጣ። ገዳሙንም አልረሳውም፤ የሂትለር ሁለተኛ ጥራዝ በወጣበት በ2000 ያ የቦልተን የሒሳብ መዝገብ ራሱ በእሱና በአንድ ባልደረባው አርታዒነት ታትሟል። ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ዓመት ያወጣ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወደ ጀርመን የወሰደውም መካከለኛው ዘመን ነበር። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ የጀርመንን ገበሬዎች የጥንት ታሪክ ለማጥናት ሲል ቋንቋውን መማር ጀመረ። በ1972 ለዚሁ ትምህርት ባቫሪያ በነበረበት ወቅት አንድ ሽማግሌ አጋጠመው። ሰውየው እንግሊዞች ሞኞች ናችሁ፤ ከእኛ ጋር ብትወግኑ ኖሮ ቦልሼቪኮችን አብረን ድል አድርገን ዓለምን በገዛን ነበር አለው። ስለ አይሁድም የሚያሳፍር ስድብ ጨመረ። ጦርነቱ ካበቃ 27 ዓመት ሆኖታል። ከርሾ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ እንዲህ ያለ ተራ ሰው እንዴት እንዲህ ሊያስብ ቻለ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀውም። በ1974 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛውን ዘመን ትቶ ወደ ዘመናዊ ታሪክ ተዛወረ።

ይህ እርምጃ ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። በዩኒቨርሲቲ ዓለም ግን የጥናት መስክ እንደ ርስት ነው፤ ድንበሩ የታወቀ፣ ጎረቤቱ የሚጠብቀው። በሠላሳ ዓመቱ ስሙን ያስጠራበትን መስክ ለቅቆ፣ ጀርመኖች ራሳቸው በሚናከሱበት ርዕስ ላይ ያውም በባዕድ ቋንቋ ከሀ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል።

ዕድል ደግሞ ረዳው። በሙኒክ የዘመናዊ ታሪክ ተቋም መሪ የነበረው ማርቲን ብሮሻት በናዚ ዘመን የባቫሪያ ሕዝብ እንዴት እንደኖረ የሚመረምር ትልቅ ፕሮጀክት ያካሂድ ነበር። ከርሾ በ1975 ገባበት። በርሊን ያለው ቤተ መንግሥት ምን አሰበ የሚለው ጥያቄ የፕሮጀክቱ ጉዳይ አልነበረም። የወረዳ ሹሞች፣ የገጠር ፖሊሶች፣ የፓርቲ ሰላዮችና የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች ለበላይ የጻፏቸው ሪፖርቶች ናቸው የተፈለጉት። ገበሬው ስለ እህል ዋጋ ምን ይላል? ቢራ ቤት ውስጥ የሚወራው ምንድን ነው? ቄሱ ምን ሰበኩ? የቦልተን የሒሳብ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያገኝ ቤቱ የገባ ያህል ሆኖ ሳይሰማው አልቀረም።

ከእነዚህ ሪፖርቶች ያወጣው ግኝት የሙያ ዘመኑን ሁሉ የቀረጸ ነው። ሕዝቡ ያጉረመርማል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥጋና ቅቤ እጥረት፣ በተለይም ስለ አካባቢው የፓርቲ አለቆች ስርቆትና ጥጋብ በምሬት ይናገራል። ሂትለርን ግን ከዚህ ሁሉ ያወጣዋል። ጥፋቱ የትናንሾቹ ነው፤ እሱ ቢያውቅ ኖሮ አይፈቅድም ነበር ይላል። ይህ አነጋገር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በደል ሲደርስበት ጃንሆይ አልሰሙም እንጂ ብሎ ራሱን ያጽናና የነበረ ትውልድ ገና በሕይወት አለ።

ከርሾ የመረመረው የ1941 የመስቀል ጉዳይ ይህን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። የሙኒክና የላይኛው ባቫሪያ የፓርቲ አለቃ አዶልፍ ቫግነር ከትምህርት ቤቶች ግድግዳ መስቀሎች ይውረዱ ብሎ አዘዘ። ካቶሊኩ ገጠር ተነሣ። እናቶች ትምህርት ቤት ደጅ ተሰበሰቡ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት አስቀሩ፣ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው በምሥራቅ ግንባር እየሞቱ እዚህ መስቀል ይነቀላል ወይ ብለው ጮኹ። ገዥው ፓርቲ እንዲያ ባለ ጉልበቱ ዘመን ሳይወድ በግድ ትእዛዙን ሻረ። የሚገርመው ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ለሂትለር ታማኝ መሆናቸውን እየማሉ መቃወማቸው ነው። እሱ ሩሲያ ድረስ ዘምቶ እምነት የለሽ ቦልሼቪኮችን ሲወጋ፣ እነዚህ እቤት የቀሩት ከጀርባው ቦልሼቪክ ሆኑበት የሚሉ ነበሩ። እነዚሁ ደፋር መንደሮች ጎረቤቶቻቸው የነበሩ አይሁድ ሲወሰዱ እንዲህ አልጮኹም። ከርሾ አብዛኛው ሰው ከጥላቻ ይልቅ በግድየለሽነት ፊቱን እንዳዞረ ጽፏል። አንባቢን ዕረፍት የሚነሣ መደምደሚያ ነው፤ ጥላቻ የሌለው ሰው ራሱን ንጹሕ አድርጎ ስለሚቆጥር።

በ1980 በጀርመንኛ፣ በ1987 ተስፋፍቶ በእንግሊዝኛ የወጣው «የሂትለር አፈ ታሪክ» የተሰኘው መጽሐፍ ስለዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ርዕሱ ሂትለር ቢሆንም ሰውየው ራሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ሕዝቡ በአእምሮው የሣለው ምስል ነው።

በዚያን ጊዜ የጀርመን ታሪክ ምሁራን በሁለት ጎራ ተከፍለው ይፋለሙ ነበር። አንዱ ወገን ሁሉ ነገር ከሂትለር ዓላማ የመነጨ ነው፤ ያሰበውን ደረጃ በደረጃ ፈጸመ ይላል። ሌላው ወገን የናዚ መንግሥት እርስ በርሱ የሚራኮት የመሥሪያ ቤቶች ትርምስ ነበር፤ ግፉም ከዚያ ሽኩቻ እየተካረረ የመጣ ነው ይላል። ከሁለተኛው ወገን ሃንስ ሞምሰን ሂትለርን በአንዳንድ ረገድ ደካማ አምባገነን ብሎ እስከመጥራት ደርሷል። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበረ አንባቢ ነገሩን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ታሪክ የሚሠራው ግለሰብ ነው ወይስ ሰፊው ሕዝብ እየተባለ ስንት ሌሊት ነግቷል። ከርሾ ልቡ ወደ ሁለተኛው ወገን ያደላ ነበር። በ1985 ያሳተመው፣ ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት የተማሩበት «የናዚ አምባገነንነት» የተባለው መጽሐፍ ግን ሁለቱንም ጎራ በሚዛን የመረመረ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የሂትለርን የሕይወት ታሪክ ለምን ጻፈ? እሱ ራሱ ወደ ሥራው የመጣው ከተሳሳተው አቅጣጫ መሆኑን በመቅድሙ አልደበቀም። አለን ቡሎክ በ1952፣ ዮአኪም ፌስት በ1973 የጻፏቸው ዝነኛ መጻሕፍት ገበያውን ይዘውታል። ከርሾ ግን ሁለቱ ጎራዎች ለየብቻ መልስ የማይሰጡበትን ጥያቄ አየ። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ሙያም፣ ሥራም፣ ወዳጅም በቅጡ ያልነበረው፣ ቪየና ውስጥ በወንዶች መጠለያ እያደረ ሥዕል እየሸጠ የኖረ ሰው እንዴት የአውሮፓን ኃያል መንግሥት ጨበጠ? በግለሰቡ ተሰጥኦ ብቻ እንዳንል ተሰጥኦው እስከዚያ የት ነበር? በሁኔታው ብቻ እንዳንል ደግሞ ሌላው በሺህ የሚቆጠር ተናጋሪ ለምን አልተሳካለትም?

መፍቻውን ከጀርመናዊው የሶሺዮሎጂ ሊቅ ከማክስ ቬበር ተዋሰ። ቬበር ካሪዝማ ያለው ሥልጣን ሲል ተከታዮች በመሪው ላይ የሚያዩትን ልዩ ኃይል ማለቱ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ የመሪውን ያህል የተከታዮቹም ነው። ከርሾ በ1991 ይህን ሐሳብ በትንሽ መጽሐፍ ሞከረው። በ1998 የመጀመሪያው ጥራዝ፣ በ2000 ሁለተኛው ወጣ፤ ሁለቱ ተደምረው ወደ ሁለት ሺህ ገጽ ይጠጋሉ። በእነዚያ ዓመታት በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር።

አሠራሩን ለማየት ያልተጠቀመባቸውን ምንጮች ማየት ይበጃል። ሄርማን ራውሽኒንግ የሚባል የቀድሞ ናዚ ከሂትለር ጋር አደረግሁ ያለውን ጭውውት የሚተርክ መጽሐፍ አለው። ሂትለር ሰይጣናዊ ዕቅዱን በሚጥም አንደበት የሚዘረዝርበት ስለሆነ ቀደምት ጸሐፊዎች ሲመነዝሩት ኖረዋል። ከርሾ አንድም ጊዜ አልጠቀሰውም፤ እውነተኛነቱ አያስተማምንም ብሎ ጣለው። ይህ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ባለታሪኩ ሲናገር ማሰማት ይፈልጋል፤ ጥሩ ጥቅስ ሲያገኝ እጁ ይቸኩላል። በተቃራኒው የናዚውን የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የጎብልስን የዕለት ማስታወሻ በሰፊው ተጠቀመበት። በመስታወት ላይ የተቀረጸው ሙሉ ቅጂ በ1992 ሞስኮ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተገኝቶ ስለነበር፣ ቀደምቶቹ ያላዩትን ምንጭ ማየት ችሏል። ጎብልስም ቢሆን ውሸታም ነው፤ የሚዋሸው ግን በየዕለቱ በመሆኑ ከቀን ወደ ቀን ማመሳከር ይቻላል።

የሥራው ምሰሶ ከአንድ ንግግር የተገኘ ነው። ቨርነር ቪሊከንስ የተባለ የፕሩሺያ እርሻ ሚኒስቴር ባለሥልጣን በየካቲት 1934 ለባልደረቦቹ ሲናገር፣ ፉህረሩ ማለትም ሂትለር ሁሉን ነገር ከላይ ማዘዝ ስለማይችል እያንዳንዱ በተቀመጠበት ቦታ እሱ ሊፈልገው ወደሚችለው አቅጣጫ መሥራት አለበት አለ። ንግግሩ እዚህ ግባ የማይባል የቢሮ ንግግር ነው። ከርሾ ግን መላውን ሥርዓት የሚከፍት ቁልፍ አደረገው።

በእርግጥም ሂትለር ወረቀት የሚጠላ፣ አርፍዶ የሚነሣ፣ ውሳኔ የሚያዘገይ ሰው ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው በየካቲት 1938 ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓለምን ያቃጠለው መንግሥት ያለ ካቢኔ ስብሰባ ሠራ። ክፍተቱን የሞሉት ከሥር ያሉት ናቸው። ሐኪሙ፣ ዳኛው፣ የፖሊስ አዛዡ፣ ሹመት ፈላጊው፣ የጎረቤቱን ሱቅ የተመኘው ነጋዴ፣ ሁሉም አለቃው ይወደዋል ብሎ የገመተውን እያደረገ እርስ በርሱ ተሽቀዳደመ። የአካል ጉዳተኞችና የአእምሮ ሕሙማን ግድያ አጀማመር ለዚህ አስረጂ ነው። አንድ አባት አካሉ የጎደለ ሕፃን ልጁ እንዲገደልለት አመለከተ፤ ማመልከቻው በሂትለር ጽሕፈት ቤት በኩል አልፎ ተፈቀደ፤ ጽሕፈት ቤቱም ጉዳዩን ወደ ሥራ ዘርፍ አሳደገው። ሂትለር በጥቅምት 1939 በግል ወረቀቱ ላይ ፈቃድ ፈርሞ ቀኑን ወደ መስከረም 1፣ ጦርነቱ ወደተጀመረበት ዕለት፣ መለሰው። ሕግ አልወጣለትም። በዚህ ትረካ ሂትለር ከደሙ ንጹሕ አይሆንም፤ አቅጣጫውን የሰጠው እሱ ነው። ታዝዤ ነው ብሎ ማምለጥ ያማረው ግን መውጫ ያጣል፤ ብዙው ነገር ሳይታዘዝ ተሠርቷልና።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የመጀመሪያው ጥራዝ መጨረሻ የተለየ ትርጉም አለው። በ1935 ሚያዝያ ጣሊያን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ሂትለርን ለመግታት ስትሬሳ ላይ ተስማምተው ነበር። ሙሶሊኒ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ሲወርር ስምምነቱ ፈረሰ። በጥር 1936 ሙሶሊኒ ለጀርመን አምባሳደር ኦስትሪያ በጀርመን ጥላ ሥር ብትገባ እንደማይቃወም ነገረው። ሂትለር ዕድሉን አየ። በመጋቢት 7 ማለትም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦር እንዳይገባበት በውል ተከልክሎ ወደነበረው ራይንላንድ ጦሩን አስገባ፤ ማንም እጁን አላነሣበትም። የማይጨው ጦርነት የተደረገው ከ24 ቀን በኋላ፣ በእኛው አቆጣጠር መጋቢት 22 ነው። ከራይንላንዱ ድል በኋላ ሂትለር ራሱ በአፈ ታሪኩ ማመን ጀመረ፤ ጥራዙም የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ክስተቶች ለየብቻ ያስተማሩን መምህራን ብዙ አጉድለውብናል።

ነቀፌታ አልቀረለትም። ከርሾ ሂትለር ከፖለቲካ ውጭ ባዶ ሰው ነበር፤ የግል ሕይወት ብሎ ነገር የለውም ማለት ይቻላል ብሏል። ፎልከር ኡልሪሽ በ2013 ባወጣው የሕይወት ታሪክ ይህን ተቃውሞ የግል ኑሮውን በሰፊው መረመረ። ፔተር ሎንገሪሽ ደግሞ በ2015 ሂትለር ከርሾ እንደሚለው ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሳይሆን በብዙ ጉዳይ እጁን የሚያስገባ ገዥ ነበር ሲል ተከራከረ። እኔ ሁለተኛው ትችት ከበድ ያለ ይመስለኛል። ከሥር የሚመጣውን ግፊት ለማየት የሠለጠነ ዓይን ከላይ የሚወርደውን ትእዛዝ አንዳንዴ ያሳንሰዋል። የመጀመሪያው ግን ብዙም አያሳምነኝም፤ ሂትለር ውሻውን መውደዱን ማወቅ ስለ ፖላንድ የሚነግረን ነገር የለም።

ከርሾ በ2002 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ2004 የጻፈው ስለ ሎርድ ሎንዶንዴሪ የሚያወሳው ሌላው የሕይወት ታሪክ ከሁለቱ ጥራዞች ይልቅ እኔን ያዝናናኛል። ሰውየው የእንግሊዝ የአየር ኃይል ሚኒስትር የነበረ፣ ከናዚዎች ጋር ወዳጅነት ሰላም ያመጣል ብሎ ያመነ ባላባት ነው። ሰሜን አየርላንድ ባለው ቤቱ በኋላ የሂትለር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆነው ከሪበንትሮፕ የተበረከተለት የኤስ ኤስ ወታደር ምስል በሸክላ ተሠርቶ ቆሞ ነበር። ከርሾ አልሳቀበትም። ያን ዘመን ያልኖረ ሰው ሊስቅ ይቀናዋል፤ ለሎንዶንዴሪ ግን ክፍት ሆነው የታዩት መንገዶች ምን ነበሩ ብሎ ጠየቀ፤ ያው የቦልተን ጥያቄ ነው። በ2008 ጡረታ ወጣ፤ ብዕሩን ግን አላስቀመጠም። በ2011 ጀርመን እስከ መጨረሻዋ ቀን ለምን እንደተዋጋች ጻፈ። በ2022 ከሌኒን እስከ ሄልሙት ኮል አሥራ ሁለት የአውሮፓ መሪዎችን በአንድ መጽሐፍ መርምሮ፣ ሰው ታሪክን ምን ያህል ይለውጣል ወደሚለው የወጣትነቱ ጥያቄ ተመለሰ።

ከርሾን ማንበብ ለሚያስብ አንባቢ አንድ ምክር አለኝ። ብዙዎች በሁለቱ ጥራዞች ጀምረው መቶኛው ገጽ ላይ ይደክማሉ። «የሂትለር አፈ ታሪክ»ን ያስቀድሙ፤ አጭር ነው። ሕዝቡን ካወቁ በኋላ ሰውየውን መረዳት ይቀልላል፤ ከርሾ ራሱም የሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።